ባሕር ዳር ላይ ነዳጅ አቀዳድ፦ ከሰልፉ እስከ ደረሰኙ፣ ደረጃ በደረጃ

ግማሽ ቀን ተሰልፎ ፓምፑ ጋ ሲደርስ ባዶውን የሚመለስ ሰው ባሕር ዳር ላይ ብርቅ አይደለም። ሁልጊዜ ነዳጅ አልቆ አይደለም። አንዱ ቴሌብሩ ላይ በቂ ብር የለውም። ሌላው ፒኑን ረስቷል። ሌላው ጀሪካን ይዟል፣ ደብዳቤ ግን አልያዘም። ከሁሉም የባሰው ደግሞ ነዳጁ ታንክ ውስጥ ገብቶ ክፍያው መንገድ ላይ የቀረበት ነው። እሱ መሄድም አይችል፣ መቆምም አይችል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ ክላክስ ይነፋበታል።

ማደያ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው ቅደም ተከተል ከመዛባቱ ነው። መጀመሪያ መደረግ ያለበት መጨረሻ ይደረጋል። ስለዚህ ተራውን ጠብቃችሁ ሂዱ። ደረጃ 5 እና ደረጃ 7 ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነውና።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትወጡ

ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ነዳጅ የሚሸጠው በዲጂታል ክፍያ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ብር ማደያው በር ላይ ዋጋ የለውም። እነዚህን ማታውኑ ጨርሱ፦

1. ከባንክ ወደ ቴሌብር ወይም ወደ ሲቢኢ ብር ገንዘብ አዛውሩ። ሰልፍ ላይ ሆናችሁ አዛውራለሁ አትበሉ። የባንኩ ሲስተም የሚተኛው ሁልጊዜ ያኔ ነው።
2. ካሰባችሁት ትንሽ አብልጣችሁ አስገቡ። የዋጋ ማስተካከያ ማታ ተነግሮ ጠዋት ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ልክ ለልክ ያስገባ ሰው ጠዋት ይጎድልበታል።
3. የቴሌብር ፒናችሁ ስድስት አኃዝ ነው። በትንሽ ክፍያ ሞክሩት፤ ለራሳችሁ የ10 ብር ካርድ ሙሉ። ሠራ ማለት ነገም ይሠራል።
4. በመተግበሪያው ብቻ አትተማመኑ። *127# ያለ ዳታ ይሠራል። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህን የሚያውቅና የማያውቅ ሰው ተለየ። ዛሬም ዳታው ሲንቀራፈፍ አጭር ቁጥሩ ያወጣችኋል። የሲቢኢ ብሩ *847# ነው።
5. ሁለተኛ የስልክ ገንዘብ ቦርሳ ይኑራችሁ፤ ቴሌብር ካላችሁ ሲቢኢ ብርም ያዙ። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል።
6. ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ። ረጅም ሰልፍ ላይ ቲክቶክ ያየ ሰው ፓምፑ ጋ የሚደርሰው ባትሪው አልቆ ነው።
7. ታርጋችሁን ከነኮዱና ከነክልሉ በወረቀት ጻፉ። መኪናውን የተዋሳችሁ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። ኮድ 2 አማ እና ኮድ 3 አማ ቁጥራቸው አንድ ሊሆን ይችላል፣ ሲስተሙ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ መኪኖች ናቸው።
8. ሊብሬና መንጃ ፈቃድ ያዙ። ብዙ ጊዜ አይጠየቅም። ሲጠየቅ ግን ሰልፉ እንደገና ከጭራ ይጀምራል።

ባጃጅ የምትነዱ፣ መኪናው የባለቤቱ ሆኖ ስልኩ የእናንተ ከሆነ፣ ክፍያው በማን ስልክ እንደሚወጣ ከባለቤቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የመንግሥት የነዳጅ ድጎማ ተጠቃሚ ተሽከርካሪ ከሆነ ደግሞ የተመዘገበው ስልክ የትኛው እንደሆነ እወቁ። «አያ፣ ኮዱን ላክልኝ» እያሉ ፓምፑ ሥር ስልክ መደወል ለእናንተም ለተሰለፈውም ጣጣ ነው።

ደረጃ 2፦ የትኛው ማደያ፣ መቼ

ሰልፍ ስላያችሁ ብቻ አትሰለፉ። ሰልፍ አንዳንዴ የሚያሳየው ነዳጅ መኖሩን ሳይሆን ነዳጅ ይመጣል መባሉን ነው። ወርዳችሁ ወደ ፊት በእግር ሂዱ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ እየቀዳ ነው ወይስ እየጠበቀ? ቤንዚን ነው ናፍጣ? ስንት ፓምፕ ይሠራል?

ሦስተኛው ጥያቄ ይረሳል። ማደያው አራት ፓምፕ ኖሮት በአንዱ ብቻ ሲቀዳ ሰልፉ አጭር መስሎ ቀኑን ይበላል። በሌላ በኩል በሁለት ፓምፕ የሚሠራ ረጅም ሰልፍ ሳታስቡት ይነጉዳል።

የዓባይ አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የዓባይ ማዶን ማደያዎች ማየት ቀሏል። ግን ጌጁ ቀይ ላይ ሆኖ ከማደያ ማደያ አትዙሩ። አንዱ ሰው በሞተር ይዙርና ይደውል። ሹፌሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩት መረጃ ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። ተራ አስከባሪ የምታውቁ ከሆነ እሱን ጠይቁት፤ የትኛው ቦቴ የት እንደገባ ያውቃል።

ቦቴው ገና እያራገፈ ከሆነ ለመቅዳት አትቸኩሉ። ሲራገፍ ከመሬት በታች ያለው ታንክ ሥር የተኛው ቆሻሻና ውሃ ይናወጣል። ትንሽ እስኪረጋ መጠበቅ ለካርቡሬተር ይሻላል፤ የባጃጅ ባለቤት ሁሉ ይህን በገንዘቡ ተምሮታል።

ከከተማ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ደንብ አበጁ። ወደ መራዊና ዳንግላም ሆነ ወደ ወረታ ስትነሱ የደርሶ መልስ ነዳጃችሁን ከባሕር ዳር ይዛችሁ ውጡ። መንገድ ሲዘጋ ቦቴ ይዘገያል፤ በትንንሽ ከተሞች ያለ ማደያ ደግሞ ቀድሞ ይደርቃል። ያኔ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ብቻ ይቀራችኋል። እሱ ዋጋውም ጥራቱም አያስተማምንም።

ደረጃ 3፦ ሰልፉ ውስጥ

- ሞተር አጥፉ። ወደፊት መጠጋት ሲኖር ባጃጅና ሞተር ይገፋል።
- ከፊታችሁ ያለውን መኪና ታርጋ ያዙ። «እኔ ከዚህ በኋላ ነኝ» ለማለት ምስክር ይሆናችኋል።
- ቦታ አስይዛችሁ አትጥፉ። ሻይ ልጠጣ ብላችሁ ዘንባባው ሥር ስትቀመጡ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፣ ቦታውም ይሄዳል። ረዳት ካላችሁ ይቀመጥበት።
- የአንቡላንስና የመንግሥት አገልግሎት መኪኖች ቅድሚያ ሲሰጣቸው አትሟገቱ። «የሰውዬው ዘመድ ነው» ተብሎ በጎን የሚገባውን ግን ዝም አትበሉ። ብቻችሁን አትጩሁ። አምስት ሹፌር አብሮ ወደ ተራ አስከባሪው ቢሄድ ይሰማል። አንድ ሹፌር ከጮኸ «ረባሽ» ይባላል።

ደረጃ 4፦ ቱቦው ከመግባቱ በፊት

ፓምፑ ጋ ደረሳችሁ። አሁን አንድ ደቂቃ ዘግዩ። ከኋላ ያለው ይጮህ።

1. ሞተር አጥፉ፣ ሲጋራ የለም። ባጃጅ ላይ ተሳፋሪ ካለ ይውረድ።
2. የነዳጁን ዓይነት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ቤንዚን!» ወይም «ናፍጣ!»። ቀጂዋ ከጠዋት ጀምራ ቆማለች፤ ሚኒባስ ስታይ ሁሉም ናፍጣ ሊመስላት ይችላል።
3. «ሲስተም አለ?» በሉ። ከፊታችሁ የነበረው ሰው እንዴት እንደከፈለ እዩ። በአንድ ጊዜ ካለፈለት ሲስተሙ ይሠራል። ሦስቴ ከሞከረ ተጠንቀቁ።
4. በምን እንደምትከፍሉ ንገሩ። «በቴሌብር ነው» ስትሉ «የእኛ ዛሬ በሲቢኢ ብቻ ነው» የምትል ከሆነ አሁን ትስማ እንጂ ከተቀዳ በኋላ አይደለም።
5. መጠኑን በብር ቁረጡ። ይቺን አስምሩባት።

«ሙሉ» ማለት ሁላችንም ለምዶብናል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን ግን «ሙሉ» አትበሉ። ሙሉ ስትሉ ሒሳቡ የሚታወቀው ከተቀዳ በኋላ ነው። ሲስተሙ በመሃል ከወደቀ ነዳጁ ታንካችሁ ውስጥ ነው፣ ዕዳው ደግሞ የቀጂዋ ደመወዝ ላይ ነው። ስለዚህ አትለቃችሁም፤ እውነቷን ነው። «የ1,800 ብር» ካላችሁ ግን ቀድሞ መክፈል ይቻላል። ክፍያው ካለፈ ይቀዳል። ካላለፈ ማንም ለማንም ዕዳ የለበትም፣ ፈታ ብላችሁ ወደ ጎን ትወጣላችሁ።

ቀድሞ መክፈልም ግን የራሱ አደጋ አለው። ከፍላችሁ መብራት ሊጠፋ ወይም ታንኩ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ከፊታችሁ ያለው ተቀድቶለት ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። መብራት ከሌለ ጄኔሬተሩ እየሠራ መሆኑን ስሙ።

6. ማሽኑ ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ሦስት ቁጥር ነው የምታዩት፦ ብር፣ ሊትር፣ የአንድ ሊትር ዋጋ። ብርና ሊትር ዜሮ መሆን አለባቸው። የሊትሩ ዋጋ ደግሞ ከተለጠፈው ጋር አንድ መሆን አለበት።

ዋጋውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። በቴሌቪዥን የሚነገረው ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ ዋጋ ነው። የክልል ከተሞች ዋጋ የማጓጓዣ ስለሚታሰብበት ይለያል። የባሕር ዳሩ ትንሽ ቢበልጥ ቀጂዋን ሌባ አትበሏት። ማነጻጸር ያለባችሁ ለባሕር ዳር ከተለጠፈው ጋር ነው።

ደረጃ 5፦ ክፍያው

በተለምዶ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ቀጂዋ ስልክ ቁጥራችሁን፣ ታርጋውንና መጠኑን አስገብታ ጥያቄ ትልክላችኋለች፤ እናንተ ፒን ታስገባላችሁ። ሁለተኛው፣ በመተግበሪያው የነዳጅ ክፍያን ከፍታችሁ ራሳችሁ ትሞላላችሁ ወይም ኮዱን ስካን ታደርጋላችሁ። የትኛውም ይሁን፣ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት ታርጋውንና ብሩን አንብቡ። 180 እና 1,800 በአንድ ዜሮ ነው የሚለያዩት።

ስልክ ስትነኩ ከፓምፑ ራቅ በሉ። ብዙ ማደያ ላይ «ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥዕሉ ሥር ደግሞ የቴሌብር ኮድ ተለጥፏል። ሁለቱን የሚያስታርቀው አንድ መፍትሔ ነው፦ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ ክፈሉ፣ ከዚያ ተመለሱ።

ፒናችሁን ለማንም አትስጡ። «ጋሼ ስልክዎን ይስጡኝ፣ እኔ ልሙላልዎት» የምትለው ልጅ ምናልባት ቅን ናት። ቢሆንም እሷ ቁጥሩን ትሙላ፣ ፒኑን እናንተ አስገቡ። ዓይን የማይለይላችሁ አባቶች ልጅ ወይም ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ።

አሁን ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ብር ተቆርጧል፣ መልእክት ደርሷል፣ ቀጂዋ ጋ ግን አልደረሰም። ይህ የዘወትር ነው። መልእክቱ ከ127 የመጣ መሆኑን አሳዩና የግብይት ቁጥሩን አንብቡላት። በፊደልና በቁጥር የተደባለቀችው ረጅሟ ነገር ናት። እሷ በዚያ ቁጥር ትፈልግ ወይም ለሱፐርቫይዘሩ ትደውል። መልእክቱን አይታ ብቻ ካላመነቻችሁ አትቆጡ። የተሠራ መልእክት አሳይተው የሄዱ ሰዎች ስላሉ ነው።

ብር ተቆርጧል፣ መልእክት የለም። *127# ደውላችሁ ቀሪ ሒሳብ እዩ። ከዚያ የግብይት ታሪክ ውስጥ ግቡ። እዚያ ካለ የግብይት ቁጥሩም አለ። መልእክቱ ዘግይቶ ይመጣል።

«አልተሳካም» ይላል ወይም ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እንደገና አትሞክሩ! መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ እዩ። ብሩ ካልተነካ ያኔ ሞክሩ። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ የሚመላለሰው ቀን ከነዳጁ ይከብዳል። ሁለተኛው ሙከራም ካልሠራ ቦርሳ ቀይሩ። ሦስተኛ አትሞክሩ።

ፒን ተቆልፏል። ደጋግማችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው። 127 ደውሉ ወይም መታወቂያ ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከል ሂዱ። ለዛሬ ግን ሌላ ሰው ይክፈልላችሁ፤ ታርጋው የእናንተ ይሁን እንጂ ስልኩ የወንድማችሁ ሊሆን ይችላል።

ታርጋ ተሳስቷል። ከመቀዳቱ በፊት ካያችሁት ይሰረዝ። ከተቀዳ በኋላ ከሆነ ቀጂዋ ስህተቱን እንድትመዘግብና ስሟን እንድትጽፍ ጠይቁ። በተለይ የድጎማ ተጠቃሚ ከሆናችሁ በቸልታ አትለፉት፤ የእናንተ ሊትር በሌላ ሰው ታርጋ ተቆጥሯል።

ተቀድቷል፣ ክፍያው ግን በምንም መንገድ አላልፍ ብሏል። መኪናውን ገፍታችሁ ከፓምፑ ወደ ጎን አውጡት። ይህ ብቻውን ግማሹን ጠብ ያበርዳል። ከዚያ ሱፐርቫይዘሩን ጥሩ። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት፦ ታርጋ፣ ሊትር፣ ብር፣ ሰዓት፣ ስልክ። ሲስተሙ ሲመለስ ትከፍላላችሁ። ሊብሬ ማስያዣ ቢጠይቋችሁ ኦሪጅናሉን አትስጡ፤ መንገድ ላይ ትራፊክ ሲጠይቃችሁ ሌላ ጣጣ ነው። ኮፒ ስጡ።

ቀጂው «በእጅ ስጡኝና ልቅዳላችሁ፣ ትንሽ ጨምሩ» ካለ። ያ ክፍያ ደረሰኝ የለውም። ነዳጁ ውሃ ቢኖረው፣ ሊትሩ ቢጎድል ወዴት ትሄዳላችሁ? የገዛችሁበት ማስረጃ የለም። ቸኩላችሁ ቢሆን እንኳ ተዉት።

ደረጃ 6፦ ሲቀዳ

ዓይናችሁ ማሽኑ ላይ ይሁን። ቀጂው ሲያወራችሁ፣ ሌላው መስኮት ሊጠርግ ሲመጣ፣ ያኔ ነው ቁጥሩን ማየት። ከቀዳ በኋላ ብሩን ለሊትር ዋጋ አካፍሉት። ሊትሩ 120 ብር ነው እንበል፤ 1,800 ብር 15 ሊትር ይሰጣል። ማሽኑ 14 ካለ የሊትር ዋጋውን እንደገና እዩት።

ቱቦው ጠቅ ብሎ ሲቆም በቃ። «ትንሽ ጨምርበት» አትበሉ። እስከ አፉ የሞላ ታንክ ፀሐይ ላይ ሲቆም ያፈስሳል።

ሊትር ይጎድላል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በጌጅ አትፍረዱ፤ ጌጅ ዋሾ ነው። የባጃጅ ታንክ 8 ሊትር ገደማ ይይዛል። ባዶ ያልሆነ ታንክ ውስጥ ማሽኑ 9 ሊትር ገባ ካለ ያ ጥርጣሬ መሠረት አለው። ያኔ በጨዋ ቋንቋ «እህቴ፣ በ20 ሊትሩ መስፈሪያ ይለካልኝ» በሉ። የተመሰከረለት የብረት መስፈሪያ ማለቴ ነው፣ አንገቱ ላይ ምልክት ያለው። ፓምፕ ላይ ብዙ አገር የሚቀበለው የስህተት ልክ 0.5 በመቶ ነው፤ በ20 ሊትር ላይ 100 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ሲኒ ቡና ያህል መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ከጎደለ አቤቱታ ነው። በቢጫ ጀሪካን ግን አትለኩ፤ «20 ሊትር» የሚባለው ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 በላይ ይይዛል፤ ልካችሁ ፓምፑ ላይ ባትፈርዱ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ በጀሪካን ለመቅዳት (ጀልባ፣ የውሃ ሞተር፣ ጄኔሬተር)

ታንኳ ያለው ይህን ይዝለለው፤ የሚጠይቀው ደንገልና ጉልበት ብቻ ነው። ሞተር ጀልባ ያላችሁ ግን ችግራችሁ ልዩ ነው። ጀልባው ማደያ አይመጣ። ሕጉ ደግሞ ለጥቁር ገበያ እንዳይሄድ ብሎ በጀሪካን መቅዳትን ያለ ፈቃድ ይከለክላል። ቀጂዋ እምቢ ብትል ክፋት አይደለም፤ ያለ ደብዳቤ የቀዳች ራሷ ትጠየቃለች። የዘጌም ይሁን የደቅ ደሴት ሰው በሌሊት ተነስቶ መጥቶ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው።

*ደብዳቤው።* አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቀበሌ ነው። ለጀልባ የማኅበራችሁ ደብዳቤ፣ ለመስኖ የቀበሌው ግብርና፣ ለወፍጮና ለሱቅ ጄኔሬተር የንግድ ፈቃድ ይያዛል። ከዚያ ወደ ንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት ትሄዳላችሁ። ደብዳቤው ሲሰጣችሁ ከቢሮው ሳትወጡ እነዚህን አንብቡ፦

1. ስማችሁ በመታወቂያው ላይ እንዳለው ተጽፏል? «ገብረ ሥላሴ» እና «ገ/ሥላሴ» ተብሎ የተመለሰ ሰው አለ።
2. የሞተሩ ዓይነትና የፈረስ ጉልበቱ አለ?
3. ቤንዚን ወይም ናፍጣ ተብሎ ተለይቷል? «ነዳጅ» ብቻ ከሆነ ይመልሷችኋል።
4. ሊትሩ በቁጥርም በፊደልም አለ? በሳምንት ነው በወር?
5. እስከ መቼ እንደሚሠራ ቀን አለው?
6. ለየትኛው ማደያ ተብሎ ነው የተጻፈው? የአንዱን ለሌላው ማቅረብ አይሠራም።
7. ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ቲተርና ማኅተም። አንዷ ከጎደለች ያው እንዳልያዛችሁ ነው።

ሊትሩን በግምት አትጠይቁ። ሞተራችሁን ሙሉ አድርጉ፣ አንድ ሰዓት አሠሩት፣ ከዚያ የጎደለውን ለክታችሁ ሙሉ። ያ የሰዓት ፍጆታችሁ ነው። በቀን በምታሠሩት ሰዓት አባዙ። ባለሙያው «ለምን ይህን ያህል?» ሲል መልስ ይኖራችኋል። «እንደው ይበቃኛል ብዬ» ያለው ሰው ግማሹ ይቆረጥበታል።

ኦሪጅናሉን ማደያ ላይ አትተዉ። ሁለት ኮፒ ያዙ። በተቀዳ ቁጥር ኮፒያችሁ ጀርባ ላይ ቀንና ሊትር አጽፉ። ማደያው በመዝገቡ «ኮታችሁ አልቋል» ሲላችሁ የምትከራከሩት በዚያች ወረቀት ነው።

*አቀዳዱ።* ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ። ባጃጅ ላይ፣ ፒካፕ ላይ፣ ጀልባ ላይ እንዳለ አይቀዳም፤ ፕላስቲኩ የሚያጠራቅመው የኤሌክትሪክ ፍንጣሪ የቤንዚን ተን ያቀጣጥላል። የቱቦው ጫፍ የጀሪካኑን አፍ እየነካ፣ ቀስ ተብሎ ይቀዳ። እስከ አፉ አትሙሉ። የባሕር ዳር ቀትር ቀልድ አይደለም፤ 20 ሊትር ቤንዚን በ15 ዲግሪ ሲሞቅ ከሩብ ሊትር በላይ ይነፋል። ክዳኑ ይጥበቅ፣ በጥላ ይጫን፣ ተሳፋሪ ያለበት ባጃጅ ውስጥ አይግባ።

*ጀልባው ላይ።* የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይወጣም፣ የጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ነዳጅ ስትገለብጡ መንገደኛው ገና ዳር ላይ ይሁን፣ ማንም አያጭስ፣ ከዚያ ጀልባው ይናፈስ፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ይነሳ። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀልበት ሞተር ከሆነ ልኩ የሞተሩ መመሪያ ላይ ያለው ነው። 50 ለ 1 ካለ፣ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። «ዘይት ሲበዛ ይሻላል» የሚለው ምክር ካንዴላ ይገድላል። ጣና ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ደግሞ ከሰው መጠጫና ከዓሣው ጋር ነው የሚቀላቀለው፤ በማንቆርቆሪያ ሳይሆን በሰፊ አፍ ማጥለያ ገልብጡ።

ደረጃ 8፦ «ሕግ ነው» ሲሏችሁ

ማደያ ላይ የሚነገር ሁሉ ሕግ አይደለም። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «የት ተለጥፏል?» በዲጂታል መክፈል፣ በተለጠፈው ዋጋ መሸጥ፣ ያለ ፈቃድ በጀሪካን አለመቅዳት፣ ሞተር ማጥፋት፤ እነዚህ እውነተኛ ናቸው። እጥረት ሲሆን ለአንድ ተሽከርካሪ የሊትር ጣሪያ ሊወሰን ይችላል፤ እሱም ተለጥፎ ለሁሉም እኩል ሲሆን ይታገሡታል። «ከዚህ ብር በታች አልቀዳም»፣ «ጉርሻ ካልጨመርክ ተራህ አይደለም»፣ «ዘይት ካልገዛህ ቤንዚን የለም» ግን የሰውየው የግል ሕግ ነው። አትሳደቡ። ሱፐርቫይዘሩን ጥሩና በሁሉም ፊት ጥያቄውን ድገሙት። ብዙው እዚያው ያልቃል።

«ነዳጅ አልቋል» ተብላችሁ ማታ ላይ በጓሮ ሲቀዳ ካያችሁ ደግሞ የሚጮህ ሳይሆን የሚመዘግብ ሰው ሁኑ። የሚቀዳውን መኪና ታርጋና ሰዓቱን ያዙ። በድብቅ ቪዲዮ ልቅረጽ ብላችሁ ችግር ውስጥ አትግቡ፤ በዚህ ሰሞን ጸጥታው ስሱ ነው።

ደረጃ 9፦ ከቀዳችሁ በኋላ ችግር ሲመጣ

የተሳሳተ ነዳጅ ገብቷል። ቁልፍ አትንኩ። ሞተሩ ካልተነሳ ነዳጁ ገና ታንክ ውስጥ ነው፤ ገፍታችሁ ወደ ጎን አውጡ፣ መካኒክ ያፍስሰው። በናፍጣ መኪና ቤንዚን ገብቶ ከተነሳ ፓምፑና ኢንጀክተሩ ይጎዳሉ፤ ወጪው ሌላ ነው። ቀጂው ተሳስቶ ከሆነ ማስረጃችሁ ደረጃ 4 ላይ ጮክ ብላችሁ ያላችሁት ቃልና ደረሰኙ ነው።

ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ውሃ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ በክረምት። ከታንኩ ጥቂት በንጹሕ ብርጭቆ ጠርሙስ ቅዱና ለሩብ ሰዓት አስቀምጡ። ውሃ ካለ ከሥር ይለያል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ጠርሙሱን አትድፉት፤ ክዳኑን ዘግታችሁ ከደረሰኙ ጋር በዚያው ቀን ወደ ማደያው ይዛችሁ ሂዱ። በሦስተኛው ቀን ብትሄዱ «ከሌላ ቦታ ቀድተህ ነው» ትባላላችሁ።

ደረጃ 10፦ አቤቱታ

መጀመሪያ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ የከተማው ንግድና ገበያ ልማት፣ ከዚያ የክልሉ ቢሮ። የክፍያ ጉዳይ ከሆነ ማደያውን ትታችሁ ለቴሌብር 127፣ ለሲቢኢ ብር 951 ደውሉ። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው፤ ማደያው ያልደረሰውን ብር ሊመልስ አይችልም፤ ቴሌም የጎደለ ሊትር አይመልስም። ጥያቄው የማን እንደሆነ ለዩ።

አቤቱታው አንድ ገጽ ይብቃው። ቀን፣ ሰዓት፣ የማደያው ቦታ፣ የፓምፑ ቁጥር፣ ታርጋ፣ ሊትር፣ ብር፣ የግብይት ቁጥር፣ ምን እንደሆነ በአራት መስመር፣ ምን እንደምትፈልጉ በአንድ መስመር። «ሕዝቡ ተማሯል» ብላችሁ አትጀምሩ፤ እሱን ያውቁታል። ሁለት ቅጂ አድርጉ፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አስገቡበት፣ አንዱን ይዛችሁ ተመለሱ። ቀጠሮ ሲሰጧችሁ ቀኑን ወረቀቱ ላይ አጽፉና በዚያው ቀን ጠዋት በሩ ላይ ተገኙ።